ጣና ላይ የሰማሁት

ሻንጣዬን እየዘጋሁ ሳለ የልጄ ሚስት ደወለች። «እማዬ፣ ሠራተኛዋ ድንገት ሄደችብኝ። ልጁን እስከ እሑድ ይይዙልኝ ይሆን?»

«አልችልም የኔ ልጅ፤ ነገ ጠዋት ጣና ልሄድ ነው» አልኳት።

ለአፍታ ዝም አለች። ከዚያ በደነገጠ ድምፅ «ውይ! ማን ሞተ?» አለችኝ።

አልፈረድኩባትም። ባወቀችኝ ዓመታት ሁሉ ከደብረ ብርሃን የወጣሁት ለለቅሶ፣ ለሠርግ፣ ለጠበል ወይም አራስ ለመጠየቅ ብቻ ነው። «ማንም አልሞተም፤ ለሽርሽር ነው» ስላት የቀለድኩ መስሏት ሳቀች። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን እኔው ራሴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ቀረሁ። የልጅ ልጄን አልይዝም ያልኩት በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር። መልሼ ልደውልላት ስልኩን ሁለት ጊዜ አንስቼ ሁለት ጊዜ አስቀመጥኩት።

አራት ሴቶች ነን። አንዷ ጡረታ የወጣች ነርስ ስለሆነች ዛሬም ድረስ ሁላችንም «ሲስተር» እንላታለን። አንዷ በርበሬና ቅመም የምትሸጥ ባለሱቅ ናት። ሦስተኛዋ በከተማችን ሱፍ ፋብሪካ ብርድ ልብስ ሲሠራ ሠላሳ ዓመት የኖረች የመንዝ ሰው ናት፤ እሷን «መንዜዋ» እላታለሁ። እኔ አስተማሪ ነበርኩ። እውነተኛ ስማቸውን እንዳልጽፍ አስምለውኛል፤ ይህን ታሪክ እንድጽፍ ግን መንዜዋ ራሷ ፈቅዳልኛለች፤ ልጇም ፈቅዷል።

የምንተዋወቀው በእቁብ ነው። በወር አንድ እሑድ አሥራ ሁለት ሆነን እንሰበሰባለን፤ ቡና ይፈላል፤ ዕጣ ይወጣል። ሃያ ዓመት በላይ የጣልነውን ብር አስቤው አውቃለሁ፦ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የልጅ ሠርግ፣ የተዝካር ድግስ፣ ቆርቆሮና ሲሚንቶ ሆኖ አልቋል። ለራሷ ጫማ የገዛችበት ሴት ትዝ አትለኝም። በ2010 ዓ.ም. መስከረም ላይ ሲስተር «እኛ አራታችን ከእቁቡ ውጪ በወር 400 ብር እንጣል፤ ዓመት ሲሞላ ጣናን አይተን እንመለስ» ስትል ሁላችንም ሳቅንባት። ቀድማ ብሩን ያወጣችው ግን ዘወትር ዝም የምትለዋ መንዜዋ ነበረች። ያኔ ለምን እንደሆነ አልጠየቅናትም።

ጥምቀት ባለፈ በሦስተኛው ቀን፣ ጥር 14 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ በውርጩ ጋቢ ተከናንበን ተነሣን። አዲስ አበባ ድረስ ያለው 130 ኪሎ ሜትር የለመድነው መንገድ ነው። እዚያ ባለሱቋ እኅት ቤት አድረን በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ተሳፈርን። ዓባይ በረሃ ስንወርድ ጆሯችን ተደፈነ፤ ደብረ ማርቆስ ላይ ምሳ በላን፤ ማታ ባሕር ዳር ስንገባ ጋቢያችን በሻንጣ ውስጥ ነበር። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ላይ ናት፤ ጣና ደግሞ 1,800 ሜትር ግድም ነው። አንድ ሺህ ሜትር ያህል ወርደን በጥር ወር በነጠላ ብቻ ዘንባባ ሥር መቀመጥ ለእኛ ለብርድ አገር ሰዎች ብቻውን ሽርሽር ነው።

በዚያን ጊዜ ከባሕር ዳር ጎርጎራ የሚሄድ፣ ሰውና ዕቃ ጭኖ ቁንዝላ ላይ የሚያድር ትልቅ ጀልባ ነበር። ጉልበታችን ሌሊቱን አይችልም ብለን እሱን ተውነው። በምትኩ ጣሪያ ያላት ባለሞተር ጀልባ ለሁለት ቀን ተከራየን። ሐሙስ ዘጌ፣ ዓርብ ደግሞ ራቅ ወዳሉት ደሴቶች ልንሄድ።

እኔ የጂኦግራፊ አስተማሪ ስለሆንኩ ጀልባው ላይም ማስተማሬ አልቀረም። «ጣና በአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ነገር ግን ብዙ አይጠልቅም፤ ቢበዛ 14 ሜትር ያህል ነው፤ አትፍሩ» አልኳቸው። ሲስተር ብርቱካናማውን የደኅንነት ጃኬት እያሰረች «ለመስጠም ሁለት ሜትርም ይበቃል» አለችና ጀልባ ነጂውን ሳይቀር አሳቀችው።

መንዜዋ ብቻ አልሳቀችም። ከመሐል ተቀምጣ አግዳሚውን በሁለት እጇ ይዛለች፤ ነጠላዋ ዓይኗ ላይ ወርዷል። ባለሱቋ «ይቺ መንዜ፣ ውሃ ያየችው በእንስራ ብቻ ነው!» ብላ ቀለደችባት። እኔም አብሬ ቀለድኩ። ዘጌ እስክንደርስ ያለውን አንድ ሰዓት ያህል መንገድ ነጠላዋን ቀና አላደረገችም። በደንገል የተሠራች ታንኳ ማገዶ እስከ አፏ ጭና፣ አንድ ሰው ብቻ እየቀዘፋት በአጠገባችን ስታልፍ እንኳ አላየቻትም።

ዘጌ ልብ ያሳርፋል። ከጀልባው እንደወረዱ በቡና ዛፍ ጥላ ሥር ነው የሚሄደው። በአካባቢው እንደሚተረከው አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሰባብረው ሲተክሉ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆኖ በቀለ፤ በቃል ኪዳናቸውም ምክንያት የዘጌ ሰው መሬት ሳያርስ በእነዚህ ሦስቱ ኖረ። ባለሱቋ ጌሾውን በጣቷ አሽታ አሸተተችና ደብረ ብርሃን ስንት እንደሚያወጣ ወዲያው አሰላች። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገብተን ከወለል እስከ ጣሪያ የተሣለውን ግድግዳ ስናይ ግን እሷም ሒሳቧን ረሳች።

ማታ ባሕር ዳር ተመልሰን የተጠበሰ ዓሣ እየበላን መንዜዋን «ከፈራሽ ነገ እዚሁ አርፈሽ ጠብቂን፤ ማንም አያስገድድሽም» አልኳት።

«አይ፣ እሄዳለሁ» አለች። «የመጣሁትም ለእሱ ነው።»

ለደሴቶቹ ማለቷ መሰለኝ።

ዓርብ ጠዋት በ12 ሰዓት ተነሣን። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሣ ጀልባ ነጂው መዘግየት አይወድም። ወጪ ለመካፈል አራት ወንዶች አብረውን ተሳፈሩ፤ ዳጋ እስጢፋኖስን ሊሳለሙ የሚሄዱ ናቸው። ሴት ወደማይገባበት ክብራን ገብርኤል ሳንጠጋ አለፍን። ከዚያ የባሕር ዳር ዛፎች አነሱ፤ ቀጠኑ፤ ጠፉ። በዙሪያችን ውሃ ብቻ ቀረ። ደጋ ተወልዶ ደጋ ላረጀ ሰው፣ ዓይን የሚያርፍበት ተራራ ማጣት እንግዳ ነገር ነው።

ለእኛ ለደብረ ብርሃን ሰዎች ዳጋ የተለየ ትርጉም አለው። ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው፣ በሰማይ ብርሃን ታየ ተብሎ፣ ቦታችንን ደብረ ብርሃን ብለው የሰየሙት፤ የመጨረሻ ዓመታታቸውንም እዚያው ኖረው አረፉ። አፅማቸው ዛሬ የሚገኘው ግን ጣና መሐል፣ በዳጋ እስጢፋኖስ ደሴት ላይ፣ ከዐፄ ይኩኖ አምላክ፣ ከዐፄ ዳዊት፣ ከዐፄ ዘድንግልና ከዐፄ ፋሲለደስ ጋር ነው። ዳጋም የወንዶች ገዳም ስለሆነ ሴት አትረግጠውም። የከተማችን መሥራች እላይ ተኝተው እኛ ከታች ጀልባ ውስጥ ቀረን።

ወንዶቹ ዳገቱን ሲወጡ ጀልባ ነጂው ሞተሩን አጠፋ። እስከዚያ ድረስ ጆሯችን የሞተሩን ድምፅ ብቻ ሲሰማ ነበር። አሁን የሚሰማው ውሃው የጀልባዋን ጎን ሲነካ፣ ወፎችና የራሳችን ትንፋሽ ሆነ። ቡና የለም፣ ሥራ የለም፣ የሚያነሣው ስልክ የለም፣ ተነሥቶ መሄጃም የለም። እንዲህ ተቀምጠን እናውቃለን? እኔ አላስታውስም።

መንዜዋ ነጠላዋን ከዓይኗ ላይ አነሣች። «እዚህ ጀልባ ላይ ስንት ነን?» አለች።

«ከወንዶቹና ከነጂው ጋር ዘጠኝ» አለች ሲስተር።

«እነሱ መቶ ነበሩ አሉ። ከዚች ብዙም በማትበልጥ ላይ። በሌሊት።»

ማናችንም አልገባንም። ቀጥላ «ልጄ በአውሮፕላን አይደለም የሄደው» አለች።

ሁላችንም የምናውቀው ታሪክ ነበር። በ2003 ዓ.ም. ሃያ ዓመት የሞላው ልጇ በኮንትራት ሳዑዲ ሄደ ብላን፣ እንኳን ደስ ያለሽ ብለን ስመናታል። ኅዳር 2006 ላይ ሳዑዲ ዐረቢያ በወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ እሱም ተመለሰ፤ «ኮንትራቱ አለቀ» ስትለን አምነን ተቀበልን። ዛሬ ባጃጅ ይነዳል፤ ዝምተኛ ነው፤ ሲያገኘን ጎንበስ ብሎ ሰላም ይለናል።

እውነቱ ሌላ ነበር። ልጁ ሳይሰናበት ጣርማበርን ወርዶ፣ አፋርን አቋርጦ፣ ጂቡቲ ኦቦክ ደርሶ ከዚያ በጀልባ ወደ የመን ተሻገረ። ዐረቦቹ ባብ ኤል መንደብ፣ የእንባ በር፣ የሚሉት ወሽመጥ ማለት ነው። እኔ ይህን ስም ስንት ዓመት ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ! ቀይ ባሕርን ከየትኛው ባሕረ ሰላጤ ጋር ያገናኛል እያልኩ ለፈተና አውጥቼዋለሁ። የኤደን ብሎ የመለሰልኝን ተማሪ ሁሉ አርሜ አልፌያለሁ። ከተማሪዎቼ የትኛው በዚያ በር እንዳለፈ ግን ጠይቄ አላውቅም።

የመን ሲደርሱ ደላሎች ያዙት። ደውለው ገንዘብ ካልላክሽ አሉ። «ያን ዓመት እቁቡን አስቀድሙልኝ፣ ጣሪያዬ ያንጠባጥባል፣ ቆርቆሮ ልገዛ ነው ያልኳችሁ ለእሱ ነው» አለች። ትዝ አለኝ። ዕጣው የወጣው ለባለሱቋ ነበር፤ ተራዋን ለቀቀችላት። በየክረምቱ ቤቷ ስንሄድ ከጣሪያው ሥር የሚደረደሩት ባልዲዎችም ትዝ አሉኝ። እቁቡን በልታ ጣሪያውን ለምን እንዳልሠራችው ከኋላዋ አምተናታል።

ሲስተር አለቀሰች። «ምነው እቴ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ለኛ ሳትነግሪን?»

መንዜዋ ያየችው ሲስተርን አልነበረም፤ እኔን ነበር። በቁጣ አይደለም፤ ለረጅም ጊዜ የተሸከመችውን ነገር ቀስ ብላ እንደምታወርድ ሰው ነበር የተናገረችው።

«ባለሱቋ ቤት ነበርን። ሬዲዮው ጀልባ ሰጠመ፣ ሐበሾች አለቁ አለ። አንቺ «ልጇን ለባሕር የምትሰጥ ምን ዓይነት እናት ናት? እናት ይሏታል እሷን?» አልሽ። ልጄ ከወጣ ሃያ ቀኑ ነበር። ይሙት ይኑር አላውቅም። እኔ ነበርኩ ቡናውን የምቀዳው። ሁለተኛውን ቀዳሁልሽ።»

እኔ አላስታወስኩትም። የከፋኝ ይህ ነው። እሷ ስምንት ዓመት ከነድምፁ የተሸከመችውን ቃል እኔ በማግስቱ ረስቼዋለሁ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ። ተናጋሪው እኔ ስሆን እንደምረሳው ግን አላሰብኩም ነበር።

እግሯ ላይ ልወድቅ ብድግ አልኩ። ጀልባዋ ወደ አንድ ጎን ጋደለች። ነጂው ከኋላ «ኧረ እማማ ይቀመጡ! ይገለብጡናል እኮ!» ብሎ ጮኸ። ባለሱቋ አግዳሚውን ስትይዝ ዘንቢሉ ተደፋ፤ ከዘጌ የገዛናቸው ሎሚዎች በጀልባዋ ወለል ላይ ተንከባለሉ። አራታችንም ተንበርክከን ሎሚ መልቀም ያዝን። መጀመሪያ የሳቀችው መንዜዋ ናት። ከዚያ ሁላችንም እያለቀስን ሳቅን። እዚያው ወለሉ ላይ፣ ሎሚ በእጄ ይዤ፣ ጉልበቷን ስሜ «ይቅር በይኝ» አልኳት።

«ይቅር ለእግዜር» አለች። ቀጥላም «ከተመለሰ ጀምሮ አንድ ቀን ስለ ባሕሩ ነግሮኝ አያውቅም። የሰማሁት አብሮት ከተሻገረ ልጅ ነው። ሌሊት ሌሊት ይነሣና ደጅ ይቀመጣል። እኔ ደግሞ ውሃን ሳላውቅ ምን ብዬ ልጠይቀው? አንድ ጊዜ በጀልባ ልሂድ፣ ምን እንደሚመስል ልየው ብዬ ነው የመጣሁት» አለችን።

ወንዶቹ ወርደው የነገሥታቱን አስከሬን እንዳዩ ሲነግሩን በወጉ ሰማናቸው። ከዚያ ሴትም ወንድም ወደሚገባበት ደቅ ደሴት፣ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ወዳሠሯት ናርጋ ሥላሴ ሄድን። እዚያ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ከሥሯ እቴጌይቱ በግንባሯ ተደፍታ የምትታይበት ሥዕል አለ። ምንትዋብ ልጇን ዐፄ ኢያሱ ሁለተኛን ቀብራ፣ የልጅ ልጇ ዐፄ ኢዮአስ ሲገደልም በሕይወት ቆይታ እንዳየች ነገርኳቸው። መንዜዋ ሥዕሉን ረጅም ጊዜ አየችው። «እሷም እናት ናት ለካ» አለችና ወጣች።

ስንመለስ ነፋሱ ቀድሞን ተነሥቶ ነበር። ማዕበሉ ጀልባዋን እያነሣ ያስቀምጣታል፤ ውሃው ፊታችን ላይ ይረጫል። ሁላችንም ፈርተን በየታቦቱ ስንማጸን፣ ጠዋት ዓይኗን የሸፈነችው ሴት ጠርዙ ላይ ተቀምጣ እጇን ወደ ውሃው ሰደደች። «እንዲህ ነው ለካ» ስትል ሰማኋት። ሌላ ነገር አልተናገረችም።

የቀረውን ያወቅሁት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። እሑድ ምሳ በልተው፣ የዘጌውን ቡና አፍልታ፣ ለልጇ «ጀልባ ላይ ወጣሁ» አለችው። ስኒውን አስቀመጠ። «ፈራሽ እማዬ?» አላት። «በጣም» አለችው። «እኔም» አለና መናገር ጀመረ። ምን እንዳላት አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። እስኪመሽ እንደተቀመጡ ብቻ ነግራኛለች።

በዚያ ዓመት አዲሱ እቁብ ሲጀመር የመጀመሪያውን ዕጣ ለእሷ አደረግንላት፤ አሥራ ሁለታችንም፣ አንድ ሰው ሳያጉረመርም። ክረምት ከመግባቱ በፊት ቆርቆሮው ተመታ። ከአናጢው ጋር ጣሪያው ላይ ወጥቶ ሚስማር የሚያቀብለው ልጇ ነበር። ሐምሌ ላይ በዶፍ ዝናብ ቤቷ ተሰብስበን ቡና ስንጠጣ አንድም ባልዲ አልነበረም።

ሁለተኛ ጉዞ አስበን ነበር፤ ላንጋኖ። በ2012 ኮሮና መጣ፤ ቀጥሎ ጦርነቱ፤ ከዚያ ወዲህ የመንገዱን ነገር ታውቁታላችሁ። በጊዜው መሄዳችንን ሳስብ አመሰግናለሁ። ሃያ ዓመት በየወሩ ተገናኝተን ያልሰማሁትን በአንድ ጠዋት የሰማሁት እኛ ጎበዞች ስለሆንን አልነበረም። የምናስተናግደው እንግዳ፣ የሚጠብቀን ድስት፣ የምንይዘው ልጅ ስላልነበረ ነው። ለቅሶ ቤት ጓደኛን ያጽናኑበታል እንጂ ጓደኛን አያዳምጡበትም።

የልጅ ልጄን ያን ሳምንት እናቱ ፈቃድ ወስዳ ያዘችው፤ ምንም አልሆነም። ስመለስ ያንን ያህል ሎሚ ተሸክሜ ሳየው «ጉማሬ አየሽ?» ብቻ ነበር ጥያቄው።

አሁን ቡና ላይ ሬዲዮው ስለ ሰው ልጅ ጥፋት ሲያወራ ቶሎ አፌን አልከፍትም። በመጀመሪያ ስኒውን የምትቀዳዋን ሴት ፊት አያለሁ። እናንተም ከጓደኞቻችሁ ጋር ጥቂት ጥቂት ጣሉና፣ መንገዱ ሰላም በሆነበት ሁሉ፣ ሐይቅም ባይሆን ከቤት ራቅ ብላችሁ አብራችሁ እደሩ። ልጆቻችሁ ደንግጠው «ማን ሞተ?» ቢሏችሁ፣ ማንም ሳይሞት ነው የሚኬደው በሏቸው።